የእርሻ አፈር ረቂቅ ተሕዋስያንና የአፈር ጥራት፦ «ዝቅተኛ» ለተባለ የምርመራ ውጤት የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂው ያቀረቡት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ማሳዎች የአፈር ናሙና ወስደው ላቦራቶሪ አስመርምረዋል። የአፈሩ ዓይነት አንድ ነው፤ ከሁለቱም የሚያገኙት ምርት ብዙም አይለያይም። ሆኖም በአንደኛው ማሳ «የረቂቅ ተሕዋስያን ካርቦን» የተባለው መለኪያ ከሌላው በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከውጤቱም ጎን «ዝቅተኛ» የሚል ቃል ሰፍሯል። ጥያቄያቸው ሦስት ነው። ምርቱ እስካልቀነሰ ድረስ ቁጥሩ ሊያሳስባቸው ይገባል? የአፈሩ ጥራት የተጓደለው ተሕዋስያኑ ስላነሱ ነው ወይስ ተሕዋስያኑ ያነሱት አፈሩ ስለተጓደለ ነው? በጠርሙስ የሚሸጠውን ፈሳሽ ተሕዋስያን ገዝተው ቢረጩስ ይጠቅማቸዋል?

ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ጠርሙሱን አይግዙ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ በስሌት አሳያለሁ። ቁጥሩን ግን ችላ አይበሉት። ይህ መለኪያ ምርት ከመቀነሱም ሆነ የአፈሩ ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን (ከሕያዋንና ከበሰበሰ ቅሪታቸው የተገኘው ካርቦን) መለወጡ በግልጽ ከመታየቱ አስቀድሞ የሚንቀሳቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። በዴንማርክ የገብስ ገለባ ለ18 ዓመታት ወደ አፈር ሲመለስበት በቆየ ማሳ የአፈሩ ጠቅላላ ካርቦን የጨመረው በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የተሕዋስያኑ ካርቦን ግን በ45 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኝቷል። 5 በመቶ በተለመደው የናሙና ልዩነት ውስጥ ተውጦ ሊቀር የሚችል ለውጥ ነው፤ 45 በመቶ ግን ማንም የማይስተው ነው። የእርስዎም ሁለት ማሳዎች በአያያዝ ተለያይተው ከሆነ ልዩነቱ መጀመሪያ ብቅ የሚለው እዚሁ ላይ ነው።

መለኪያው ምን እንደሆነ ማወቅ የውጤቱን ግማሽ ማንበብ ነው። ከናሙናው አንዱ ክፍል ለ24 ሰዓታት በክሎሮፎርም ተን ይታጠናል። ክሎሮፎርሙ የተሕዋስያኑን ሽፋን ያፈርሳል፤ በውስጣቸው የነበረው ካርቦን ይፈስሳል፤ ይህም በጨው ብጥብጥ ታጥቦ ይወጣና ካልታጠነው ክፍል ጋር ተነጻጽሮ ይሰላል። እንግዲህ የተለካው የሕያዋኑ ክብደት ነው፤ እነማን እንዳሉና ምን እየሠሩ እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። በአንድ ግራም ለም አፈር ውስጥ ከመቶ ሚሊዮኖች እስከ ቢሊዮኖች የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ከእነሱም ጋር የፈንገስ ክሮች፣ ፕሮቶዞዋ የተባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትና ኔማቶድ የተባሉ ጥቃቅን ትሎች አሉ። ይሁንና ከባክቴሪያዎቹ አብዛኞቹ በማንኛውም ቅጽበት ቢታዩ ሥራ ፈተው ያንቀላፉ ናቸው፤ የሚነቁት ምግብ ወይም እርጥበት ሲደርሳቸው ነው። ለብዙ ሳምንታት ደርቆ የቆየ አፈር ዝናብ ሲያርፍበት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሰዓታት ውስጥ ያሻቅባል፤ ታስሮ የነበረ ናይትሮጅንም ይለቀቃል። ይህ ክስተት በ1950ዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ አፈሮች ላይ ባጠናው ተመራማሪ ስም «የበርች ውጤት» ይባላል። ለጠያቂው ያለው ትርጉም ግልጽ ነው፤ አንዱ ማሳ ከዝናብ በፊት፣ ሌላው ከዝናብ በኋላ ናሙና ተወስዶበት ከሆነ ስለ አፈሩ ሳይሆን ስለ አየሩ ሁኔታ እየተነጋገርን ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጥንቃቄ «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል ራሱ ነው፤ ከምን አንጻር ዝቅተኛ? በእርሻ አፈር ውስጥ የተሕዋስያኑ ካርቦን ከጠቅላላው ኦርጋኒክ ካርቦን ከ1 እስከ 5 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ሸክላማ አፈር ከአሸዋማ አፈር የበለጠ ተሕዋስያንን ይሸከማል፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ለባክቴሪያው መሸሸጊያ ናቸው፣ ባክቴሪያ የሚበላው ፕሮቶዞዋ ግን ሊገባባቸው አይችልም። ስለዚህ አንድ ውጤት ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን ብቻውን ሳይሆን ከኦርጋኒክ ካርቦኑ ጋር ያለውን ድርሻ ነው። ድርሻው 3 በመቶ የሆነ አሸዋማ አፈር በፍጹም ቁጥር ቢያንስም ከአቅሙ አንጻር በደህና ሁኔታ ላይ ነው። 1 በመቶ ብቻ የሆነ ሸክላማ አፈር ግን የሚበላ ካርቦን ያጣ ወይም አንድ የሚያስጨንቀው ነገር ያለው አፈር ነው፤ ያ ነገር አሲዳማነት፣ ጨዋማነት፣ መጠቅጠቅ ወይም የከባድ ብረቶች ክምችት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም የምክንያትና የውጤት አቅጣጫ፣ ከሁሉም የሚከብደው ነው። መልሱ «ሁለቱም» ቢሆንም በዚህ ብቻ ብተወው ጠያቂውን አልረዳሁም፤ ስለዚህ ተሕዋስያኑ አፈሩን የሚሠሩባቸውን መንገዶች በየተራ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው የአፈሩ ቅርጽ ነው። ከማሳው የአተር ፍሬ የሚያህሉ የአፈር ፍርፋሪዎችን ወስደው በጥላ ያድርቁና ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብለው ይጣሉ። ከደካማ አፈር የመጣው ፍርፋሪ የአየር አረፋ እየተፋ በደቂቃዎች ውስጥ ይናዳል፤ ውኃውም ይደፈርሳል። ከጤናማ አፈር የመጣው ግን አረፋውን ተፍቶ ሲያበቃ እንዳለ ይቆያል፤ ለሰዓታትም ላይፈርስ ይችላል። እዚህ ላይ የሚሆነው ይህ ነው፤ ውኃው በጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውስጥ ሲሳብ መሐል ያለውን አየር ያምቀዋል፤ የታመቀው አየርም ፍርፋሪውን ከውስጥ ይገፈትረዋል። ይህን ግፊት ተቋቁሞ የሚያቆየው ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች የሚያመነጩት ሙጫ መሰል ስኳራዊ ቁስና በፍርፋሪው ዙሪያ የተጠላለፉት የፈንገስ ክሮች ናቸው። ከ0.25 ሚሊሜትር በታች የሆኑት ትንንሽ ፍርፋሪዎች የተያያዙት በአሮጌ፣ ከሸክላ ጋር በተጣበቀ ኦርጋኒክ ቁስ ስለሆነ ለዓመታት ይጸናሉ። ከዚያ በላይ የሆኑት ትልልቆቹ ግን በሕያው ክርና ሥር የተያዙ በመሆናቸው ተሕዋስያኑ ሲራቡ ወይም መሬቱ ደጋግሞ ሲታረስ ቀድመው የሚፈርሱት እነሱ ናቸው። ፍርፋሪው ሲፈርስ ዝናቡ የላዩን አፈር ይደፍነዋል፤ ውኃው ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላይ ይፈስሳል፤ ቡቃያውም የደረቀውን ቅርፊት መስበር ያቅተዋል። ማዳበሪያ ይህን ጉድለት አይሞላውም። (ሶዲየም የበዛበት አፈር ተሕዋስያን ቢኖሩትም ውኃ ውስጥ ይበተናልና ማሳው እንዲህ ያለ ከሆነ ይህን ሙከራ ብቻውን አይመኑት።)

ሁለተኛው የንጥረ ነገር ሒሳብ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ገበሬዎች ተሕዋስያኑን ከሰብላቸው ጋር የሚሻሙ ጠላቶች አድርገው የሚቆጥሩበት ጊዜ አለና ስሌቱን ላስቀምጠው። አንድ ቶን የስንዴ ገለባ 400 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦንና 5 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይይዛል፤ ማለትም ንጽጽሩ 80 ለ1 ነው። ተሕዋስያኑ ከካርቦኑ ሢሶውን አካል ቢያደርጉትና ቀሪውን ቢተነፍሱት 133 ኪሎ ግራም የሚሆን አዲስ አካል ይሠራሉ። በአካላቸው ውስጥ የካርቦንና የናይትሮጅን ንጽጽር 8 ለ1 ገደማ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ወደ 17 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ ገለባው የሰጣቸው 5 ብቻ ነው። የጎደለውን 12 ኪሎ ግራም ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ ሰብሉም ለጥቂት ሳምንታት ቢጫ ሆኖ ይታያል። በአንጻሩ ንጽጽሩ ከ24 ለ1 በታች የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ለጋ የጥራጥሬ ቅጠል፣ ሲቀበር ናይትሮጅኑ ከፍላጎታቸው ስለሚተርፍ ለሥሩ ይለቀቃል። ተሕዋስያኑ የወሰዱት ናይትሮጅንም አልጠፋም። ባክቴሪያዎቹ ሲሞቱ ወይም በፕሮቶዞዋና በኔማቶድ ሲበሉ፣ በይዎቹ የተረፋቸውን ናይትሮጅን በአሞኒየም መልክ እዚያው ሥሩ አጠገብ ያስወጡታል። ከዚህ የምንረዳው ገለባ አይቀበር ማለትን ሳይሆን ከመዝራት ብዙ ሳምንታት አስቀድሞ መቀበር ወይም ከፍግና ከጥራጥሬ ተረፈ ምርት ጋር መቀላቀል እንዳለበት ነው።

ይህ ክምችት ምን ያህል እንደሆነም ማሰብ ይጠቅማል። የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር 2,600 ቶን ያህል ይመዝናል። የተሕዋስያኑ ካርቦን በአንድ ኪሎ አፈር 300 ሚሊ ግራም ቢሆን በሄክታር 780 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ከእሱም ጋር 100 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ናይትሮጅን በሕያዋን አካላት ውስጥ ተይዟል። ይህ ናይትሮጅን በዝናብ አይታጠብም፣ በጋዝ መልክም አይተንም፤ ቀስ በቀስ ግን እየተቀባበለ ለሰብሉ ይደርሳል። የእርስዎ ዝቅተኛው ማሳ የዚህን ግማሽ ብቻ የያዘ ከሆነ፣ በማዳበሪያ ላይ የሚኖረው ጥገኝነት ያን ያህል ከፍ ያለ ነው።

የሥር ፈንገስ፣ ማለትም ማይኮራይዛ፣ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ሥሩ በዙሪያው ያለውን ጥቂት ሚሊሜትር ጨርሶ ሲያበቃ ይቸገራል። ፈንገሱ ከሥሩ ስኳር እየተቀበለ ከሥር ፀጉር በቀጠኑ ክሮቹ ሴንቲ ሜትሮችን ተሻግሮ ፎስፈረሱን ያመጣል። አብዛኞቹ የእህልና የጥራጥሬ ሰብሎች ይህን ሽርክና ይገባሉ፤ ጎመንና የሰናፍጭ ዘመዶቹ፣ ቀይ ሥርና ስፒናች ግን አይገቡም። ስለዚህ በጎመን ወይም መሬቱን ባዶ በመተው ያለፈ ወቅት ለቀጣዩ ሰብል የሚተርፈውን ፈንገስ ያመነምነዋል። ፎስፈረስ በብዛት የተጨመረበት ተክልም ስኳሩን ለፈንገሱ መክፈሉን ይቀንሳል፤ ይህን ማንም አላስተማረውም፣ ሒሳቡ ግን ትክክል ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ «ተሕዋስያን በበዙ ቁጥር አፈሩ ጥሩ ነው» ወደሚል መደምደሚያ እንዳይወስደን መጠንቀቅ አለብን። በእንግሊዝ አገር ሮትሃምስተድ በሚገኘው የብሮድባልክ ማሳ ከ1843 ጀምሮ ስንዴ እየተዘራ የተለያየ ማዳበሪያ ይነጻጸራል። በየዓመቱ ፍግ የሚደረግበት መደብ ምንም ካልተደረገበት መደብ ከእጥፍ በላይ ኦርጋኒክ ካርቦን አለው፤ የተሕዋስያኑም መጠን በዚያው ልክ ከፍ ያለ ነው። ሆኖም ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም በበቂ የተጨመረበት መደብ ለረጅም ዘመናት ከፍጉ መደብ ጋር የሚቀራረብ ምርት ሰጥቷል። የእርስዎም ሁለት ማሳዎች እኩል ማምረታቸው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ማዳበሪያና በቂ ዝናብ ባለበት ዓመት የአፈር ሕይወት ልዩነት በምርት ላይ ላይታይ ይችላል። ልዩነቱ የሚወጣው ዝናብ ሲያጥር፣ ድንገተኛ ዶፍ ሲወርድ፣ ማዳበሪያ ሲዘገይ ወይም በሽታ ሲገባ ነው።

በዚያ ላይ የተሕዋስያን ሥራ ሁሉ ለገበሬው የሚበጅ አይደለም። ውኃ በቋጠረ አፈር ውስጥ ኦክስጅን ሲያልቅ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን መተንፈሻ ያደርጉታል፤ የተከፈለበት ናይትሮጅን በጋዝ መልክ ወደ አየር ይሄዳል፣ ከፊሉም ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ገደማ የበለጠ ሙቀት ያምቃል። ከፍተኛ የአፈር ትንፋሽም (ተሕዋስያኑ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። መሬት በታረሰ ማግሥት ትንፋሹ የሚንረው በፍርፋሪዎቹ ውስጥ ተጠብቆ የቆየው ኦርጋኒክ ቁስ ተጋልጦ ስለሚበላ ነው። በተሕዋስያኑ ክብደት ልክ ሲሰላ ትንፋሹ የበዛ አፈር ብዙውን ጊዜ የተጨነቀ አፈር ነው፤ ተሕዋስያኑ ካርቦኑን አካል ከማድረግ ይልቅ በሕይወት ለመቆየት ያቃጥሉታል። አፈሩን ማሽተትም የሚወደድ ልማድ ነው፤ ሽታውን የሚሰጠው በዋነኛነት ስትሬፕቶማይሲስ የተባሉ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ጂኦስሚን ነው። አፍንጫችን ግን ጂኦስሚንን እጅግ በጥቂት መጠን እንኳ ስለሚለይ ሽታው መኖሩን እንጂ ብዛቱን አይነግረንም።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። አንድ ሊትሩ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር አንድ ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ አለው እንበል፤ ይህ ለሻጩ ቸር መሆን ነው። በድምሩ አንድ ትሪሊዮን ይሆናል። በሄክታሩ የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር ያለው 2.6 ቢሊዮን ግራም አፈር በእያንዳንዱ ግራም አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ቢይዝ፣ የሚረጩት አንድ ባክቴሪያ 2.6 ሚሊዮን ነባር ባክቴሪያዎች ይጠብቁታል። ነባሮቹ ለቦታው የተመረጡ ናቸው፤ እንግዳው ግን የሚበላውም የሚደበቅበትም የለውም፣ ፕሮቶዞዋውም አይምረውም። እርስዎ እንዳሉት በዝቅተኛው ማሳ ውስጥ ያሉት በግማሽ ቢያንሱ እንኳ አንድ ለ1.3 ሚሊዮን ነው። ያ ማሳ ያጣው ዘር ሳይሆን ምግብ ነው።

ይህ ስሌት የማይገዛው አንድ ትልቅ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እሱም የጥራጥሬ ሕያው ማዳበሪያ ነው። ራይዞቢየም የተባሉት፣ የአየርን ናይትሮጅን ለተክሉ የሚያስሩት ባክቴሪያዎች ከማሳው ነባሮች ጋር አይወዳደሩም፤ ዘሩ ላይ ተለጥፈው ይዘራሉ፣ ገና በበቀለው ሥር ውስጥም መኖሪያና ስኳር ያገኛሉ። እያንዳንዱ ጥራጥሬ የራሱን ወገን ይፈልጋል። ለምሳሌ አኩሪ አተር ከዚህ ቀደም ባልተዘራበት መሬት ላይ ተስማሚው ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ የለም፣ ሕያው ማዳበሪያውም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። መሥራት አለመሥራቱን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሰብሉ ማበብ ሲጀምር ጥቂት ተክሎችን ሳይነቅሉ በአካፋ ቆፍረው ያውጡ፤ ከተነቀለ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩባቸው የሥር እባጮች አፈሩ ውስጥ ተበጥሰው ይቀራሉ። አፈሩን በውኃ አራግፈው በሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች በምላጭ ይሰንጥቁ። ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ናይትሮጅን እየታሰረ ነው፤ ቀለሙ ኦክስጅንን በልክ የሚያቀብለው፣ የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ የሆነው ፕሮቲን ነው። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ እባጩ ገና ነው፣ ወይም አርጅቷል፣ ወይም የተቀመጠው ባክቴሪያ ሥራ የማይሠራ ነው።

ዝቅተኛውን ማሳ ለማሻሻል ምን ይደረግ ለሚለው፣ በእኔ ግምት ቅደም ተከተሉ ከዝርዝሩ ይበልጣል። አስቀድሞ የአፈሩ አሲዳማነት ይታይ። የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች (ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከሆነ አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል፤ ራይዞቢየሞችና አሞኒየምን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ፤ ኖራ ሳይጨመር ፍግ ብቻ ቢከመር ከጥቅሙ ብዙው ይባክናል። በነገራችን ላይ «ማዳበሪያ አፈሩን ይገድላል» የሚባለው ወሬ እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። ማዳበሪያ ሰብሉን ሲያሳድግ ሥርና ተረፈ ምርት ስለሚጨምር ተሕዋስያኑ የሚበሉትም አብሮ ይጨምራል። ጉዳቱ የሚመጣው አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያ ለዓመታት ያለ ኖራ ተጨምሮ አፈሩን አሲዳማ ሲያደርገው ነው።

ፒኤቹ ከተስተካከለ በኋላ ዋናው ነገር የካርቦን ምግብ ሳይቋረጥ መግባቱ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ብዙ ፍግ ይልቅ መሬቱን በሕያው ሥር ሸፍኖ ማቆየት የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ ሥር ከሚያመነጨው ስኳርና አሲድ በቀጥታ የሚመገቡት ተሕዋስያን ፍርፋሪውን የሚያያይዙት ናቸው። ሽፋን ሰብል፣ ጥራጥሬን ከእህል ጋር ማፈራረቅና እርሻን መቀነስ በዚህ መስመር ይሄዳሉ። እርሻን መቀነስ ብቻውን፣ ተረፈ ምርቱ ከማሳው እየተጋዘ፣ ብዙ አይለውጥም።

የአፈሩን ሥራ በቤትዎ መከታተል ከፈለጉ፣ ከአንድ ቁራጭ የተቆረጡ እኩል የሆኑ ነጭ የጥጥ ጨርቆችን በሁለቱም ማሳ በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቀብረው ከሁለት ወር በኋላ አውጥተው ያወዳድሩ፤ አፈሩ እርጥበት ባለበት ወቅት ይሁን። ጨርቁ ይበልጥ የተበላበት ማሳ የሴሉሎስ በላተኞቹ የነቁበት ነው።

ምርመራውን ሲደግሙ ናሙናውን ከሁለቱም ማሳ በአንድ ቀን፣ ፍግ ወይም ማዳበሪያ ከተጨመረ ቢያንስ አንድ ወር ካለፈ በኋላ፣ ከእያንዳንዱ ማሳ ከ15 እስከ 20 ቦታ በእኩል ጥልቀት ይውሰዱና ይቀላቅሉ። ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ በቀዝቃዛ ሳጥን ይላኩት፤ የደረቀ ናሙና የሚለካው የሞቱትን ነው። ከዚያው ናሙና ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ፒኤችና የሸክላ መጠን እንዲለካ ይጠይቁ፤ ላቦራቶሪውንም አይቀይሩ፣ የተለያዩ ላቦራቶሪዎች ቁጥር በቀላሉ አይነጻጸርም። የተሕዋስያኑ ድርሻ ከኦርጋኒክ ካርቦኑ አንጻር በሁለቱም ማሳ ተመሳሳይ ሆኖ ከተገኘ ዝቅተኛው ማሳ የጎደለው ካርቦን ብቻ ነው። ድርሻውም ዝቅ ካለ ግን የሚያስጨንቀውን ነገር መፈለግ አለብን፤ እሱን ለመፈለግ የአምስት ዓመት የሰብል፣ የኖራና የማዳበሪያ ታሪክ አብሮ ቢመጣ ሥራውን ያቀልልናል።